ብርቁ መኪና ተራ፣ ተራው መኪና ብርቅ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለጥቂት ወዳጆችና ለልጆቻቸው ያወራሁት ነው። ያልመጡት «ጻፍልን» ስላሉኝ ጻፍኩት፤ ብዙም አላስተካከልኩትም። ካልተናገርኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ።

ባለቤቴ ስትሸኘኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ስለ መጫወቻህ ልታወራ ነው? በል እዚያው የሚገዛህ ካገኘህ ሽጠህ ና።» የቤታችን አንዱ ቁም ሳጥን ልብስ ከገባበት ስንት ዓመቱ፤ እውነቷን ነው።

ጠረጴዛው ላይ 12 ሞዴል መኪና ደርድሬያለሁ፣ የእውነተኛ መኪና ትንሽ አምሳያ ማለት ነው። 11ዱ ኮንቨርቲብል ናቸው፣ ማለትም ጣሪያቸው ወደ ኋላ ታጥፎ የሚገባ። እኛ የመኪና ቃላችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ክሩስኮት፣ ፖርቶ መጋላ። ኮንቨርቲብል ማለት እንግዲህ ፖርቶ መጋላ የማይታሰርበት መኪና ነው ብላችሁ ያዙት። 12ኛዋ ግን ጣሪያ አላት። ለምን እንዳመጣኋት በኋላ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ካላችሁት ፓርኪንግ የሠራ አለ? እስቲ እጅ አውጡ። (ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ፣ ሳቅ ሆነ።) ይኸው! ስለዚህ ታሪኬ ይገባችኋል። እኔም እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ዲሲ መሀል ከምድር በታች ያለ ፓርኪንግ ነበር። እሁድ እሁድ ፀሐይ ከወጣ አንድ ሽማግሌ በ1959 ካዲላክ ይመጣል። ነጭ፣ ወንበሩ ቀይ፣ ጣሪያው የተከፈተ። ቁልፉን ለማንም አይሰጥም። የሚያቆማት ራሱ ከሆነ ለምን ከፍሎ ይገባል ብለን እንስቃለን። እኔ ግን ሲሄድ ጠብቄ ዙሪያዋን እዞራለሁ። ያ የኋላ ክንፏን አይታችኋል? እንደ ሻርክ ጀርባ የቆመ፣ ከጎኑ እንደ ጥይት የሾሉ ሁለት ሁለት ቀይ መብራቶች ያሉት።

አንድ እሁድ ያዘኝ። «ትወዳታለህ?» አለኝ። ምን እላለሁ፣ ዝም አልኩ። በሳምንቱ አንድ ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ። ስከፍተው ያችው ካዲላክ፣ ነጭ፣ ወንበሯ ቀይ፣ በመዳፌ ልክ። «ይቺን አንተ አቁማት» ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ነው የተጀመረው።

መጠኑን ቶሎ ልበላችሁና እንለፍ። 1:18 ሲባል መኪናው 18 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። የ1959 ካዲላክ ርዝመቷ 5 ሜትር ከ70 ገደማ ነው፣ በ1:18 ወደ 32 ሴንቲ ትሆናለች፣ በ1:24 ወደ 24፣ በ1:43 ደግሞ 13 ሴንቲ። ይህ 1:43 የሚባለው እንግዳ ቁጥር የመጣው ከመጫወቻ ባቡር ነው። ድሮ እንግሊዞች ለባቡሩ ሐዲድ ዳር የሚቆሙ መኪናዎች ሲሠሩ በባቡሩ ልክ ሠሯቸው፣ እሱው ቀረ። የቤት ጥበት ያለበት ሰው 1:43 ይሰብስብ። እኔ ሦስቱንም ቀላቅያለሁ፣ የሚመከር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ስሰበስብ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን መደርደሪያዬን ሳየው የሆነ ነገር ገረመኝ። በ1959 ካዲላክ 142 ሺህ ገደማ መኪና ሠርቷል። ከዚያ ውስጥ ጣሪያው የሚከፈተው ሁሉም ተደምሮ 12,450 ነው፤ ከ11 አንድ ገደማ። ኤልዶራዶ ከሚባለው የካዲላክ ዓይነት ቢያሪትዝ የሚሉት ኮንቨርቲብል ብቻውን 1,320 ነው። ቀሪው ሕዝብ ጣሪያ ባለው ነበር የሚሄደው። ሞዴል ሱቅ ግቡና «የ59 ካዲላክ» በሉ እስቲ። የሚያወጡላችሁ ክፍቱን ነው። እሱም ሮዝ።

ሮዙ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሁሉም ሰው ዘፋኙን ኤልቪስ ፕሪስሊን እያሰበ ነው ሮዙን የሚገዛው። የኤልቪስ ታዋቂዋ ሮዝ ካዲላክ ግን የ1955 ናት፣ አራት በር፣ ጣሪያዋ ድፍን። ሲገዛት ሰማያዊ ነበረች፣ ሮዝ ያስቀባት እሱ ነው። ለእናቱ ነበር የሰጣት፣ እናቱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አልነበራቸውም። ዛሬም የኤልቪስ ቤት በነበረው ግሬስላንድ፣ ሜምፊስ ቆማለች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ በሞዴል ዓለም ብርቁ መኪና ተራ ነው፣ ተራው መኪና ብርቅ ነው። በ1971 ፕሊመዝ የሚባለው ፋብሪካ ሄሚ የሚሉት ኃይለኛ ሞተር የገባለት ኩዳ ኮንቨርቲብል የሠራው 11 ብቻ ነው። አስራ አንድ! ከእነሱ አንዷ በ2014 ሲያትል ላይ በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። የእሷ ሞዴል ግን ሞልቷል፣ እኔ እንኳ ሁለት አለኝ። ከዱዘንበርግ መኪናዎች ደግሞ ኤስኤስጄ የሚባለውን አጭር ሻንሲ በ1935 ሁለት ብቻ ነው የሠሩት፤ አንዱን ጋሪ ኩፐር፣ አንዱን ክላርክ ጌብል ነዱት፣ ሁለቱም የፊልም ተዋናዮች ናቸው። የኩፐሩ በ2018 በ22 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እስቲ አስቡት፣ በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ያለ ነገር፣ እኔ ደግሞ ከፓርኪንግ ደመወዜ ላይ ቆጥቤ ሦስተኛውን ገዛሁ። መቼም ሦስተኛው ሞተር የለውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሠሪው ሰው የሚመኘውን ነው የሚሠራው። ማንም ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ የአጎቱን ታክሲ አይመኝም፣ በአጠገቡ እልፍ ያለችውን ክፍት መኪና ነው የሚመኘው። እሺ ይሁን። ሰብሳቢ ግን ይህን ካላወቀ ይታለላል። ሳጥን ላይ «ብርቅዬ» ተብሎ ሲጻፍ ብርቁ መኪናው ነው ወይስ ሞዴሉ? ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቁጥር የታተመበት ካርድ ይጨምሩበታል፣ «ከ5,000 ውስጥ 2,318ኛው» ምናምን። አምስት ሺህ ብርቅ ነው እንዴ? ያ ከእውነተኛው መኪና እኮ ይበልጣል!

የ1953ቱን ነገር ሰፋ አድርጌ ላውራው፣ ምክንያቱም የኔ ፍቅር እዚያ ዓመት ላይ ነው።

በ1953 ጄኔራል ሞተርስ ሦስት ክፍት መኪና በአንድ ጊዜ አወጣ። በሥሩ ካሉት ካዲላክ ኤልዶራዶን፣ ቢዩክ ስካይላርክን፣ ኦልድስሞቢል ፊየስታን። ከኋላቸው ያለው ሰው ሃርሊ ኧርል ነው፣ የኩባንያው የቅርጽ ክፍል አለቃ። ያ የካዲላክ ክንፍ እንኳ በ1948 ሲጀመር የፒ-38 የጦር አውሮፕላን ጭራ አይተው ነው ያመጡት። ዋጋቸውን ስሙ። ኤልዶራዶ 7,750 ዶላር፣ ፊየስታ 5,715፣ ስካይላርክ 5,000። በዚያን ጊዜ አራት በር ሸቭሮሌት ከ2,000 ዶላር በታች ነው። አንድ ኤልዶራዶ የሚገዛ ሰው አራት ሸቭሮሌት ገዝቶ መልስ ይቀበላል ማለት ነው። ኤልዶራዶ 532፣ ስካይላርክ 1,690፣ ፊየስታ 458 ተሠሩ። አይዘንሃወር ጥር ወር ላይ ፕሬዝዳንት ሆነው ሲምሉ ለሰልፉ የቆሙበት መኪና ኤልዶራዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን ማስታወቂያ ያስፈልጋል።

በዚያው ዓመት የሸቭሮሌት የስፖርት መኪና፣ የመጀመሪያው ኮርቬትም ወጣ፣ ፍሊንት፣ ሚሺጋን። 300 ብቻ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ወንበራቸው ቀይ።

ይህ ለሰብሳቢ ወርቅ ነው። ለምን? የ1953 ኮርቬት ብሎ ጥቁር ሞዴል የሚሸጥላችሁ ሰው ያልነበረ መኪና እየሸጠላችሁ ነዋ። ኤልዶራዶም በአራት ቀለም ብቻ ነው የወጣው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና አንድ ወደ ቢጫ የሚያደላ። አረንጓዴ ካያችሁ ሳቁና እለፉ። ስካይላርክ ደግሞ የራሷ ምልክት አላት። የዚያ ዓመት ሌላው ቢዩክ ሁሉ ከኮፈኑ ጎን እንደ መርከብ መስኮት ክብ ክብ ቀዳዳ አለው፣ የቢዩክ መታወቂያ እሱ ነው። በስካይላርክ ላይ ግን አንስተውታል። የፊት መስታወቷም ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ነው፣ እንደ ኤልዶራዶና እንደ ፊየስታ ወደ ጎን አይጠመዘዝም። ቸርኬዋ ሽቦ ነው፣ ፊየስታ ግን ሽቦ የላትም፣ መሀሉ ላይ የሚሽከረከር የሚመስል ክዳን ነው ያላት። እነዚህን አራት አምስት ነገሮች በቃል ከያዛችሁ የሻጭ ወሬ አያስፈልጋችሁም።

አንድ ጋሼ ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ከምታጠና ሕግ ብታጠና እስካሁን ጠበቃ ነበርክ» አሉኝ። ልክ ነዎት ጋሼ። እናቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር፣ ሰው ልብ የማይለው። ክፍት መኪና በሞዴል ለመሥራት ከሁሉም ይከብዳል። ጣሪያ ያለው ሞዴል ጣሪያው ይሸፍንለታል። ወንበሩ ቢበላሽ፣ መሪው ቢወፍር ማን ያያል? ጣሪያው ሲነሳ ግን ቤቱ ሁሉ አደባባይ ወጣ፣ እንግዳ ሳይታሰብ የመጣበት ቤት ማለት ነው። የወንበሩ ስፌት ይታያል፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለው ሰዓት ይታያል፣ ፔዳሉ ይታያል። ሸራው የታጠፈበትም ቦታ ሌላ ፈተና ነው፤ አብዛኛው ሠሪ ፍራሽ የጣለበት ያስመስለዋል።

ከሁሉም የሚብሰው የፊት መስታወቱ ነው። በ1:43 ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት በእውነተኛው መኪና 4 ሴንቲ ከ3 ሚሊ ነው። የመስታወቱን ክፈፍ ከፕላስቲክ ቢሠሩት እንዳይሰበር ያወፍሩታል፣ ሲወፍር ደግሞ የበር መቃን ይመስላል። ጥሩዎቹ ሠሪዎች በአሲድ ከተበላ ስስ ብረት ነው የሚያወጡት፣ የዝናብ መጥረጊያውንም ጭምር። ስለዚህ አንድን ሠሪ መመዘን ከፈለጋችሁ ክፍት መኪናውን አንሱና በመስታወቱ በኩል ወደ ውስጥ እዩ። እሱን ካሳመረ ሌላውን አትጠራጠሩ።

የተሠራበት ነገርም ዋጋውን ይወስናል። በብዛት የሚወጣው ዚንክ ነው፤ ቀልጦ በግፊት የብረት ፎርማ ውስጥ ይገባል። ፎርማው ውድ ነው፣ ብዙ ሺህ ካልተሸጠ ወጪውን አይመልስም። ግን በር ይከፈታል፣ ኮፈን ይከፈታል፣ ክብደት አለው፣ እጅ ላይ ደስ ይላል። ሬዚን፣ ማለትም ፈሶ የሚደርቀው ፕላስቲክ፣ ግን በሲሊኮን ፎርማ ነው የሚፈሰው። ፎርማው ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል፣ ጥቂት አሥር ካወጣ በኋላ ይጣላል። ስለዚህ ትንሽ ሠሪ ማንም የማያውቀውን መኪና በጥቂት መቶ ቁጥር ማውጣት ይችላል። በሩ ግን አይከፈትም፣ የተቀረጸ መስመር ነው። ሦስተኛው ነጭ ብረት የሚሉት ነው፣ አብዛኛው ቆርቆሮ፣ በእጅ የሚሠራ። በዚህ ብሩክሊን የሚባለው ሠሪ አለ፤ በ1974 ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ፣ ብሩክሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀመረ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ፣ ባዝ ሄደ። የአሜሪካንን መኪና ለአሜሪካኖች የሚሠራላቸው እንግሊዝ ነው እንግዲህ። እኔ ሦስት አለኝ። እጃችሁ ላይ ስታደርጓቸው ድንጋይ ናቸው።

ከአሜሪካኖቹ ከራሳቸው የመጣ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ፕሮሞ ይሉታል። በ1950ዎቹ በየዓመቱ መከር ላይ አዲስ መኪና ሲወጣ ሻጩ በ1:25 የተሠራ የፕላስቲክ ሞዴል ይይዝ ነበር። ሠሪዎቹ ሚሺጋን ውስጥ ነበሩ፣ ኤኤምቲ፣ ጆሃን የሚባሉ። ሥዕሉን የሚሰጧቸው መኪና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ቀለሙም የፋብሪካው ቀለም ነው። አባት መኪና ሲያይ ልጁ በትንሿ ይጫወታል። ዛሬ ደህና ሆኖ የተገኘ የዚያ ዘመን ፕሮሞ ሰው ይጣላበታል። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩበት ፕላስቲክ ነው፤ አሴቴት ይባላል፣ ከዓመታት በኋላ ይጣመማል። ኮፈኑ ያብጣል፣ መሀሉ ይረግባል፣ መኪናው ሙዝ ይሆናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስታይሪን ወደሚባለው ሲለውጡ ነገሩ ተስተካከለ። ስለዚህ የ1950ዎቹን ፕሮሞ በፎቶ ብቻ አትግዙ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከጎን ያንሳው በሉት። አራቱም ጎማ መሬት ከነካ እሰየው።

እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ። ከ1930ዎቹ የሆነች አንዲት ትንሽ የዚንክ ክፍት መኪና ከአንድ ሻጭ ገዛሁ፣ ስሙ ይቅር። ፎቶው ላይ ጥሩ ነበረች። ሳጥኑን ስከፍት ሦስት ቦታ ሆናለች። መንገድ ላይ የተሰበረች መስሎኝ ነበር፣ ለካ በሽታ ነው። ዚንኩ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከተቀላቀለበት ብረቱ ከውስጥ ይበላል፣ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ መጨረሻ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የድሮ ዚንክ ስትገዙ ቀለሙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሆነ ስንጥቅ ካያችሁ አስቀምጡና ሂዱ። አዲሱም ቢሆን ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ ቀለሙ ይገረጣል። የጎማው ላስቲክም ከፕላስቲክ ጋር ዓመታት ከተነካካ ያቀልጠዋል፣ ልክ አስፋልት ላይ እንደተጣበቀ ማስቲካ። እኔ መደርደሪያዬ ላይ ከሥራቸው ወረቀት አደርጋለሁ።

(እዚህ ላይ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ተነሳና «በሩ የት አለ?» አለኝ። ጥሩ ዓይን አለው።) 

በሩ የጠፋባት ይቺ ካይዘር ዳሪን ናት፣ 1954። እውነተኛዋ 435 ብቻ ነው የተሠራችው፣ ገላዋ ፋይበርግላስ። በሯ ወደ ውጭ አይከፈትም፣ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከጎማው በላይ ያለው ሆድ ውስጥ ይገባል። ያው የአዲስ አበባ ሚኒባስ በር ማለት ነው፣ ረዳቱ ብቻ ነው የጎደለው። ዳች ዳሪን የሚባል ሰው ነው የቀረጻት፣ ካይዘር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ውስጥ የቤት መኪና መሥራቱን ተወ።

ጣሪያ ካነሳን የፎርድ ስካይላይነርን ሳላነሳ ብቀር ቅር ይለኛል። ከ1957 እስከ 1959 የወጣ ነው፤ ጣሪያው ሸራ ሳይሆን ድፍን ብረት፣ ቁልፍ ሲጫኑ በራሱ ታጥፎ ኋላ ይገባል። ለዚህ ሰባት የኤሌክትሪክ ሞተርና 185 ሜትር ገደማ ሽቦ ነበረው። ጣሪያው ሲገባ ሻንጣ የሚገባበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በሦስት ዓመት 48 ሺህ ገደማ ተሠራና ቀረ፣ ውድ ነበር። ሞዴሉን የወደድኩት ጣሪያው በእጅ ስለሚታጠፍ ነው፤ ልጆቼ ስንት ጊዜ አጥፈው እንደዘረጉት አላውቅም፣ ማጠፊያው ላልቷል። ዋጋዋ ወርዷል። እኔ አልሸጣትም፣ ይውረድ።

ይቺኛዋ ደግሞ የኛ ናት ብል አልተሳሳትኩም።

ጥቅምት 1 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ዋሽንግተን ገቡ። ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ከነባለቤታቸው ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ወርደው ተቀበሏቸው። ከዚያ ሁለቱ መሪዎች በክፍት መኪና ከተማው ውስጥ አለፉ፣ ሕዝቡ ግራ ቀኝ ተሰልፎ። ዩኒየን ስቴሽን እኮ ይኸው በቀይ መስመር ሜትሮ ከእዚህ ጥቂት ጣቢያ ነው። ታክሲ ስነዳ ስንት ሰው ከዚያ በር ላይ ጭኛለሁ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ኅዳር ውስጥ ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደሉ፣ ጃንሆይም ለቀብሩ ተመልሰው መጡ።

በዚያ ዘመን የፕሬዝዳንቱ የሰልፍ መኪና የ1961 ሊንከን ኮንቲኔንታል ነበር። ፎርድ የሠራውን ሲንሲናቲ የሚገኝ ሄስ ኤንድ አይዘንሃርት የሚባል ድርጅት ቆርጦ አስረዘመው። ሁሉም ተደምሮ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ፈጀ፣ ፎርድ ግን ለመንግሥት በዓመት በ500 ዶላር አከራየው። የኋላ ወንበሩ በሃይድሮሊክ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሕዝቡ ፕሬዝዳንቱን እንዲያይ። ከላይ የሚደረግ ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን ነበረው፣ ጥይት ግን አይከለክልም። ከዳላስ በኋላ መኪናውን አልጣሉትም። ቋሚ ጣሪያና ጥይት የማይበሳው ነገር ተደርጎለት እስከ 1977 አገለገለ። ዛሬ ዲርቦርን፣ ሚሺጋን፣ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

ሰብሳቢ እዚህ ላይ ምን ያያል? ቀለም። ኬኔዲ የተቀመጡበት መኪና ጥቁር አልነበረም፣ ጥቁር የሚመስል ጥልቅ ሰማያዊ ነበር። ጥቁር የተቀባው በኋላ ነው፣ ኬኔዲን በተኩት በፕሬዝዳንት ጆንሰን ጊዜ። ስለዚህ ክፍት ሆኖ ድፍን ጥቁር ሞዴል ካያችሁ ሠሪው ሁለት ዘመን አደባልቋል። የኔዋን ወደ መስኮቱ አምጥታችሁ እዩዋት፣ ሰማያዊ ናት። መጀመሪያ የገዛኋት ጥቁር ነበረች፣ ስጦታ ብዬ ለወዳጄ ሰጠሁ፣ ወዳጄ ይቅር ይበለኝ። (ወዳጄ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። አላወቀም ነበር።)

ኮንቨርቲብል ለምን ጠፋ ብሎ የጠየቀኝ ነበር። ኤሲ መጣ፣ ፍሪዌይ መጣ፤ በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ክፍት መኪና ውስጥ ወሬ አይሰማም። በዚያ ላይ መንግሥት ስለ መገልበጥ አደጋ ጥብቅ ደንብ ያወጣል ተብሎ ተፈራ። ካዲላክ በሚያዝያ 1976 ዲትሮይት ላይ «የመጨረሻው» ብሎ ኤልዶራዶን አወጣ። በዚያ ዓመት 14 ሺህ ሠራ፣ የመጨረሻዎቹ 200 ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፣ ነጭ ሆነው ቀይና ሰማያዊ ቀጭን መስመር ያላቸው። ሰዉ ታሪክ እገዛለሁ ብሎ ከዋጋው በላይ ከፈለ፣ ጋራዥ ውስጥ ሸፍኖ አስቀመጠ። በ1982 ክራይስለር ለባሮንን ክፍት አድርጎ መለሰው። ትንሽ ቆይቶ ካዲላክ ራሱ ክፍት ኤልዶራዶ ሲያወጣ አንዳንዶቹ ገዢዎች ተናደው እስከ ፍርድ ቤት ሄዱ። «የመጨረሻው» የሚል ነገር ስትገዙ ይህን አስታውሱ። ሞዴልም ላይ ያው ነው፤ ፎርማው ካልተጣለ ነገ በሌላ ቀለም ይመለሳል።

አሁን ወደ 12ኛዋ።

ይቺ የ1953 ሸቭሮሌት ናት። አራት በር፣ ጣሪያዋ ድፍን፣ ቀለሟ የደረቀ ቅጠል። ከሷ ዓይነት፣ ቱ ቴን ከሚባለው አራት በሩ ብቻ፣ በዚያ ዓመት ከ300 ሺህ በላይ ተሸጧል። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ፋብሪካ ሠራተኛው የነዳት እሷን ነው። ስካይላርኬን በአንድ ሳምንት አገኘሁ። ይቺን እንዲህ ተራ ሆና፣ ያለ ጌጥ፣ በደንብ ተሠርታ ለማግኘት አራት ዓመት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ያገኘኋት አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ሲሞቱ ልጃቸው ዕቃቸውን ግቢ አውጥታ ስትሸጥ ነው። ክፍቶቹን ሰው ተሻምቶ ወስዷል። እሷ ሣጥኑ ግርጌ ቀርታ ነበር። «ይቺን ማንም አልፈለጋትም» አለችኝ፣ ስድስት ዶላር ተቀበለችኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳታየኝ ዞር አልኩ።

እና ልጆች፣ ኑ አሁን፣ መንካት ይቻላል። ከሥር ያዙ፣ በሁለት እጅ። በመስታወቱ አታንሱ፣ እሱ ከተሰበረ አይጠገንም። ሸቭሮሌቷንም ማንሳት ትችላላችሁ፣ የስካይላይነሩንም ጣሪያ እጠፉ፣ ማጠፊያው እንደሆነ ቀድሞም ላልቷል። ዳር ላይ ያለችውን ነጯን ካዲላክ ግን ማንም እንዳይነካብኝ። እሷን የማቆማት እኔ ነኝ።